የተደራረቡ ዝርዝሮችን ስለ መደልደል፦ ከፕሮግራም ቋንቋዎች ጋር በሚመጡት ትእዛዞች ላይ የቀረበ ሂስ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ትንሽ የሚመስል የኮምፒዩተር ትእዛዝ መርምሮ ጥቅሙንና ጉድለቱን ማሳየት ነው። ትእዛዙ በየፕሮግራም ቋንቋው ልዩ ልዩ ስም ቢኖረውም ሥራው አንድ ነው፤ ይኸውም በውስጡ ሌሎች ዝርዝሮችን የያዘ ዝርዝር ተቀብሎ፣ የውስጡን አጥር አፍርሶ፣ ሁሉን በአንድ ረድፍ አሰልፎ መመለስ ነው። እንግሊዝኛው ፍላተን ይለዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «መደልደል» እንለዋለን፤ ገበሬ ጉብታውን ወደ ጎድጓዳው አፍስሶ መሬቱን ሲያስተካክል የሚነገር ቃል ስለ ሆነና ከዚህ የተሻለ ስላላገኘን ነው። ተማሪዎች ይህን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ተምረው በአንድ መስመር ጽፈው ያልፉታል። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም፤ የየቋንቋውን ስታንዳርድ ላይብረሪ፣ ማለት ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣውን የተዘጋጁ ትእዛዞች ስብስብ፣ ያሰናዱት ሊቃውንትም ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ክርክራችን በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ምሳሌ የምንወስደው ከዋጃ ነው። ዋጃ ከወልድያ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢው ዝናቡ ብቻውን ለማሽላና ለጤፍ አይበቃም፤ ስለዚህ ገበሬው በምዕራብ ካሉት ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው ይመራዋል። ጎርፉ መጀመሪያ ወደ ዋናው ቦይ ይገባል፤ ከዋናው ቦይ ወደ ቅርንጫፎቹ፣ ከየቅርንጫፉም ወደ እያንዳንዱ ማሳ ይከፋፈላል። ጎርፍ ቀጠሮ አያውቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ይመጣል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ያልፋል። ስለዚህ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ ውሃው ሳይደርስ መታወቅ አለበት። ይህን ተራ የሚያስከብረው ሰው በብዙ የመስኖ አገር የውሃ አባት ይባላል።

እንግዲህ ይህ ተራ በኮምፒዩተር ተመዘገበ እንበል። ዋናው ዝርዝር ሦስት ቅርንጫፍ ቦዮችን ይይዛል። በላይኛው ቦይ አበበ ከበደና ከበደ ዓሊ ተጽፈዋል። በመካከለኛው ቦይ በዚህ ወቅት ማንም አልተጻፈም፤ ቦዩ ግን አለ። በታችኛው ቦይ ሐሰን አበበ ብቻ ተጽፏል። (ስሞቹን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ልማድ ተበድረናል፤ በሶውን ለጊዜው እንተወዋለን።) የእያንዳንዱ ሰው ስም ደግሞ ራሱ ዝርዝር ነው፤ መጀመሪያ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም። ይህ የጸሐፊው ቅብጠት አይደለም። በአገራችን ልማድ ስም የቤተሰብ መጠሪያ የሚለጠፍበት ሳይሆን ከራስ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት የሚወጣ ሐረግ ነውና በዝርዝር መልክ መያዙ ከሌላው አያያዝ ሁሉ ይበልጥ ያስማማዋል። ስለዚህ ሦስት ድርብርብ አለን፤ ቦይ፣ ሰው፣ ስም።

ይህን መዝገብ ደልድል ብለን ብናዝ ምን ይመለስልናል? መልሱ ትእዛዙ ስንት ደረጃ እንደሚወርድ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ቢወርድ የቦዮቹ አጥር ፈርሶ ሦስት ሰዎች በተራ ይቆማሉ። እስከ ታች ቢወርድ ግን ሰዎቹም ይፈርሳሉ፤ አበበ፣ ከበደ፣ ከበደ፣ ዓሊ፣ ሐሰን፣ አበበ የሚሉ ስድስት ቃላት ይቀራሉ። ከእነዚህ ማን ውሃ ጠጪ፣ ማን አባት እንደ ሆነ የሚለይ ምልክት የለም። አንድ ትጉህ ጸሐፊ የተደጋገመውን ላስወግድ ብሎ ቢያጣራው ደግሞ አራት ይሆናሉ። ሦስት ገበሬዎች ስድስት ሆኑ፣ ስድስቱ አራት ሆኑ፤ ኮምፒዩተሩ ግን አንድም ጊዜ ስሕተት አለ ብሎ አልተናገረም። የሂሳችን ፍሬ ነገር ከዚህ ይጀምራል።

የሩቢ ቋንቋ ትእዛዝ፣ ቍጥር ካልተሰጠው፣ እስከ ታች ይወርዳል። የደረጃውን ቍጥር ጽፎ መገደብ ይቻላል፤ ነገር ግን ዝም ያለ ሰው የሚያገኘው ሙሉውን ድልደላ ነው። በጃቫስክሪፕት ተቃራኒው ሆኗል፤ ፍላት የተባለው ትእዛዝ ዝም ላለ ሰው አንድ ደረጃ ብቻ ይወርዳል፤ እስከ ታች ውረድ የሚለው ይህንኑ ግልጽ አድርጎ መጻፍ አለበት። ሀስክል በበኩሉ ነገሩን በዓይነት ሕግ ጨርሶታል። በዚያ ቋንቋ ኮንካት የሚባለው ትእዛዝ አንድ አጥር ብቻ ያፈርሳል፤ ሁለት አጥር ማፍረስ የፈለገ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ሀስክል ቃልን ራሱን የፊደላት ዝርዝር አድርጎ ስለሚይዝ፣ በእኛ መዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ የጻፈው ሰው «አበበከበደከበደዓሊሐሰንአበበ» የሚል አንድ ረጅም ቃል ያገኛል፤ ቢሆንም ሦስቱንም ጊዜ በገዛ እጁ ጽፏልና የሚከሰው ራሱን ነው።

እኛ የሀስክልንና የጃቫስክሪፕትን መንገድ ከሩቢ መንገድ እናስበልጣለን። ምክንያታችን ቀላል ነው። አንድ ደረጃ ብቻ የወረደ ድልደላ አንሶ ቢገኝ አጥሩ ቆሞ ስለሚታይ ጸሐፊው ይደግመዋል፤ አልፎ የወረደ ድልደላ ግን ያፈረሰውን አያሳይም። በሩቢ ፈንታ ሊነገር የሚገባው መልካም ነገርም አለ፤ ቃላትን ወደ ፊደላት አይቆራርጥም፣ ራሱን በራሱ ውስጥ የያዘ ዝርዝር ሲገጥመውም ማለቂያ በሌለው ዑደት ሳይጠመድ ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል።

የእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ አያት የሆነው ሊስፕ በ1958 ሲታሰብ ጀምሮ የተደራረበ ዝርዝርን ዋና መሣሪያው አድርጓል። ሆኖም በ1994 የጸደቀው የኮመን ሊስፕ ደንብ ደልድል የሚል ትእዛዝ የለውም፤ ፈላጊው ራሱ ይጽፋል። ፐርል ደግሞ ሳይጠየቅ የሚደለድል ቋንቋ ነው። ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ቢጻፍ የውስጡ አጥር በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። በ1994 የወጣው አምስተኛው ፐርል ወደ ዝርዝር የሚያመለክት ጠቋሚ እስኪያመጣ ድረስ የዋጃን መዝገብ እንደ ተፈጥሮው በፐርል መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

የፓይተን ነገር ሰፋ ያለ ምርመራ ይገባዋል። ዛሬ ብዙው ጀማሪ የሚማረው ይህን ቋንቋ ነው፤ ደልድል የሚል ትእዛዝ በቋንቋው መሠረታዊ ትእዛዞች ውስጥ አለመኖሩም ተማሪውን ዘወትር ያስገርመዋል። ያለው ኢተርቱልስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ቼይን ፍሮም ኢተረብል የሚሉት ነው፤ እርሱም ዝርዝሮችን እንደ ሰንሰለት እየቀጠለ አንድ ደረጃ ብቻ ይደለድላል። እስከ ታች የሚወርድ ስለምን አልተሰጠም? አንዱን ምክንያት ለማየት «ዋጃ» የሚለው ቃል ይበቃል። ለፓይተን ቃል ማለት ተከታታይ ነገር ነው፤ «ዋጃ» ሲዘረዘር «ዋ» እና «ጃ» ይሆናል። «ዋ»ስ ምንድን ነው? ፓይተን ለብቻዋ ለቆመች ፊደል የተለየ ዓይነት ስለሌለው «ዋ» ደግሞ አንድ ፊደል ያላት ቃል ናት። ብንዘረዝራት ያው «ዋ» ትመለሳለች፤ ያችን ብንዘረዝር ያችው። ዝርዝር የሆነውን ሁሉ እስከ ታች አፍርስ የተባለ ትእዛዝ ከዋጃ መጀመሪያ ፊደል ሳይወጣ፣ ቋንቋው ለጥልቀት የወሰነው ገደብ አልቆ በስሕተት እስኪቆም ድረስ ሲወርድ ይኖራል።

መፍትሔው ቃልን አትንካ የሚል ሁኔታ መጨመር ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው አፍታ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ቃል ካልተነካ የሰው ስም የተያዘበት ጥንድስ ይነካል ወይ? ቀንና ወርና ዓመት የያዘው ሦስትዮሽስ? የትኛው ዝርዝር ዕቃ መያዣ፣ የትኛው ራሱ ዕቃ እንደ ሆነ ላይብረሪው ሊያውቀው አይችልም፤ የሚያውቀው መዝገቡን የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ፓይተን በዚህ ነገር ቍጥብ መሆኑን እንደ ጥበብ እንቈጥረዋለን። ጥበቡ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ግልጽ ስም ያለው ትእዛዝ ያጣ ተማሪ ከባዶ ዝርዝር ተነሥቶ ዝርዝሮቹን በመደመር ምልክት ያያይዛቸዋል፤ ሥራውም ለጊዜው ይሠራለታል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ድምር እስከዚያ የተሰበሰበውን ሁሉ እንደገና ይገለብጣል። አንድ አንድ ስም የያዙ 1000 ዝርዝሮች ቢኖሩ፣ በሰንሰለቱ መንገድ 1000 ስሞች ይተላለፋሉ፤ በመደመሩ መንገድ ግን ከ500 ሺህ በላይ ግልበጣ ይደረጋል። በሦስት ቦይ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በወረዳ መዝገብ ላይ ግን ይታወቃል።

በጃቫስክሪፕት ላይ በ2018 የተነሣውን ክርክር ብዙ አንባብያን ሰምተው ይሆናል። ትእዛዙ ፍላተን ሊባል ታስቦ ሳለ፣ ሙቱልስ በሚባል የቆየ ላይብረሪ የተሠሩ ገጾች ያንኑ ስም በራሳቸው ትርጕም ይሠሩበት ስለ ነበር እንዳይሰናከሉ ተፈራ። በቀልድ ስሙሽ ይባል ያለም ነበር፤ በመጨረሻ ፍላት ተብሎ በ2019 ደንብ ውስጥ ገባ። እኛን የሚያሳስበን ግን ከስሙ ይልቅ አንድ ጠባዩ ነው። በጃቫስክሪፕት ዝርዝር ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ክፍት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ፍላት በሚደለድልበት ጊዜ ይህን ክፍት ቦታ ዘልሎ ያልፋል። ቦታው አይቈጠርም፣ ከእርሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይጠጋሉ።

በባዶ ቦታ ላይ ይህን ያህል መጨነቃችን የሚያስቅ ከመሰለ የገዛ ፊደላችንን እንመልከት። የፊደል ገበታ የተደራረበ ዝርዝር ነው፤ ረድፎች አሉት፣ በየረድፉም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉ ፊደላት አሉ። ተማሪ ወደ ጎን ሀ ሁ ሂ ብሎ ይዘልቀዋል፣ ወደ ታችም ሀ ለ ሐ መ ብሎ ይወርደዋል። ኮምፒዩተር ግን ገበታ አያውቅም፤ ለእርሱ እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ረጅም መስመር ላይ የቆመ ቍጥር ነው። ስለዚህ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የግዕዝ ፊደል ሲገባ ገበታው መደልደል ነበረበት። አደላደሉም እንዲህ ነው። ሀ በ4608 ተጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ ተሰጠ።

አሁን «ዋጃ»ን እንመርምር። ዋ 4811 ነው፣ ጃ 4867። ከሁለቱም 4608 ሲቀነስ 203 እና 259 ይቀራሉ። ለስምንት ሲካፈሉ የመጀመሪያው 25 ደርሶ 3 ይተርፋል፣ ሁለተኛው 32 ደርሶ 3 ይተርፋል። ድርሻው ረድፉን ይነግረናል፤ ከዜሮ ቈጥረን 25ኛው ወ፣ 32ኛው ጀ ነው። ትራፊው ደግሞ ቤቱን ይነግረናል፤ ዜሮ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ ሦስት ራብዕ ነውና ሁለቱም የዋጃ ፊደላት ራብዕ ናቸው። ገበታው ተደልድሏል፤ ቢሆንም አጥሩ በማካፈል ብቻ ተመልሶ ይቆማል።

ይህ የሆነው ባዶው ቦታ ስለ ተጠበቀ ነው። ቈ 4680 ላይ ቆማለች፤ ቀጥሎ ያለው 4681 ግን ባዶ ነው፣ በዚያ ረድፍ ካዕብ የለምና። ቊ የተጻፈችው በ4682 ነው። ባዶው ተዘልሎ ቢሆን ኖሮ ቊ በካዕብ ቦታ ትቀመጥ፣ ከእርሷ በኋላ ያለው ፊደል ሁሉም ከነቤቱ ይዛባ ነበር፤ የጃቫስክሪፕቱ ፍላት በገበታው ላይ ቢሠራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዲሁም የሀ ረድፍ ስምንተኛ ቦታ 4615 በ1999 ማንም አልነበረበትም። በ2005 ሇ የምትባለው ፊደል ስትጨመር በዚያ ገባች፤ ለ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሥራው ፍጹም ነው አንልም። ፘ፣ ፙ እና ፚ የልዩ ልዩ ረድፍ ልጆች ሆነው ሳለ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ በ2005 ከ4992 ጀምሮ የተጨመሩት የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላትም በአራት በአራት ስለ ተደረደሩ በስምንት ማካፈል በእነርሱ ላይ አይሠራም።

ወደ ቦዮቹ እንመለስ። የፊደል ገበታ ረድፎቹ እኩል ስለ ሆኑ አንድ ቍጥር፣ ስምንት፣ ይበቃዋል። የዋጃ ቦዮች ግን እኩል አይደሉም፤ በአንዱ ሁለት ሰው፣ በአንዱ አንድ፣ በአንዱ ማንም የለም። ከላይ ያየናቸው ትእዛዞች ሁሉ፣ አንድ ደረጃ ብቻ የሚወርዱትም ሳይቀሩ፣ መካከለኛውን ቦይ ያጠፉታል። በውስጡ ምንም የሌለው ዝርዝር ሲደለደል ምንም ይሆናልና። በተደለደለው ተራ ሐሰን አበበ ከከበደ ዓሊ ቀጥሎ ይቆማል፤ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ቦይ እንዳለ የሚያስታውስ ነገር የለም። ነገ በመካከለኛው ቦይ ማሳ ያለው ሰው መጥቶ ተራዬ የት ነው ቢል፣ ከተደለደለው ወረቀት ላይ ሊነበብለት የሚችል መልስ አይገኝም። ለጎርፍ ደግሞ ነገ ማለት ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ እንደ ነበረ በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፣ የተደለደለው ቅጂ ነው የሚል ተከራካሪ እንደሚኖር እናውቃለን። በመርሕ ደረጃ እውነቱን ነው። በተግባር ግን የሚታተመው፣ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚላከውና በሌላ ሰው ተገልብጦ ሌላ መዝገብ የሚሆነው ቅጂው ነው። የከተማ ቀበሌዎች ዝርዝር እንኳ ከየከተማው አጥር ወጥቶ ቢደለደል 01፣ 02፣ 03፣ 01፣ 02፣ 01 የሚል ነገር ነው የሚሆነው፤ የትኛው 01 የማን እንደ ሆነ ማንም አይለየውም። የዋጃም ስም ከነወላጁ ካልተጻፈ አደናጋሪ ነው። በቀድሞው መዝገብ በወሎ፣ በራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ይገኛል፤ በ1994 እና በ2007 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በትግራይ ክልል፣ በአላማጣ ሥር ይገኛል፤ ወሰኑም ብዙ አከራክሯል። በክርክሩ ውስጥ አንገባም፤ ነገር ግን ሁለቱን ዘመን ሊያነጻጽር የተነሣ ተማሪ ክፍለ ሀገሩና ክልሉ የተፋቀበት የከተሞች ዝርዝር ቢሰጡት ክርክሩ መኖሩን እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

ሙሉው ድልደላ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም አንልም። በመዝገቡ ውስጥ ስንት ዓይነት ስም እንዳለ ለመቍጠር የፈለገ ሰው ስድስቱን ቃላት በደስታ ይቀበላል። የምንቃወመው ይህን ዝም ላለ ሰው መስጠትን ነው።

ስለ መድኃኒቱ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከኬኔት አይቨርሰን የ1962 መጽሐፍ የተወለደው ኤ ፒ ኤል የተባለው ቋንቋ ሰንጠረዥን ወደ አንድ መስመር የሚዘረጋ ምልክት አለው፤ የሰንጠረዡን መጠን የሚናገርና መስመሩን ወደ ሰንጠረዥ የሚመልስ ሌላ ምልክትም አለው። መጠኑን አስቀድሞ የያዘ ሰው ሁለቱን ሥራዎች እንደ መውጣትና እንደ መግባት ሊጠቀምባቸው ይችላል። እኩል ላልሆኑ ረድፎች የሚያስፈልገው ትንሽ ጭማሪ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከተደለደለው ዝርዝር ጎን የየረድፉን ቍጥር የያዘ ሌላ አጭር ዝርዝር መመለስ ነው። ለዋጃ መዝገብ ይህ አጭር ዝርዝር 2፣ 0፣ 1 ይሆናል። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ረድፍ ቆመው ሳሉ፣ ከዚህ ዝርዝር ሁለቱ የላይኛው ቦይ፣ አንዱ የታችኛው መሆኑ ይነበባል፤ ዜሮዋም የመካከለኛውን ቦይ ቦታ ትጠብቃለች። ሁለት ደረጃ ለመውረድ የፈለገ ለስሞቹ 2፣ 2፣ 2 የሚል ሌላ ዝርዝር ይጨምራል፤ አያቱን ጽፎ የመጣ ገበሬ ካለ በእርሱ ቦታ 3 ይገባል። ከላይ የጠቀስናቸው የሩቢ፣ የጃቫስክሪፕት፣ የሀስክልና የፓይተን የመደልደያ ትእዛዞች ይህን ቍጥር ከውጤቱ ጋር አይመልሱም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ከመደልደሉ በፊት ራሱ ቈጥሮ መያዝ አለበት። በፓይተን ይህ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።